ዋንጫ የበላንበት ዓመት

«ልጄ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተን ጨዋታውን ብናየውስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

ለለቅሶ የተቀመጡት ሁሉ ያልሰሙ መሰሉ፤ ጆሯቸው ግን የሟቹ ልጅ ጋ ነው። አባቷ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከተቀበረ ገና ቀናት ናቸው። የሰፈሩ ቡድን ደግሞ ከዚያ ከዋንጫው ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው።

«ድምፁም ይከፈት» አለች። «አባቴ ቢኖር እናንተን ያስፈቅድ ነበር እንዴ?»

ሳቅ አፈናቸው። አፍረው ዋጡት።

ያን ዓመት እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ ከሜዳ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ወንበሮቹን ተከላካይ፣ እሷን በረኛ አድርጎ ጎሎቹን እንደገና ያገባባት ነበር። «አግዳሚው ጧ! አለ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ምድር ተናጋች!» አፏን ከፍታ ታየዋለች። ደህና መለማመጃ እንኳ ያልነበራቸው የሰፈር ልጆች ታላላቆቹን ቡድኖች አንድ በአንድ ጣሏቸው። ዛሬም ስታስበው ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

በእረፍት ሰዓት ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች።

«ጋሼ፣ ያን ዓመት የመጨረሻዋ ጎል በየትኛው እግር ነው የገባችው? አባቴን ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም። አጠገብዎ ነበር አይደል?»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «አጠገቤ አልነበረም። ከአጥሩ ውጭ ነበር።»

«ምን ሊሠራ?»

«የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። እየተመራን ሳለ ውሃ ሊጠጣ ወጣ፤ አገባን። ተመለሰ፤ ገባብን። እኔው ነኝ በቀልድ ‹አንተ ሰው፣ ዓይንህ ነው መሰል፣ ውጣልን› ያልኩት። ወጣ፤ አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ተመለስ ይበለው? እሱም ቃል አልተነፈሰም። ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰው ቲኬት ቆርጦ ይገባል፣ ሰላም ይለናል፣ ፊሽካው ሲነፋ ይወጣል።»

«አንድም ጎል አላየም?»

«አንድም።»

ጧ ያለው አግዳሚ፣ የተዋጠው ትንፋሽ፣ የተናጋችው ምድር፤ ሁሉም በጆሮው የገቡ ነበሩ። የቀረውን፣ ተከላካዮቹን፣ በረኛውን፣ የኳሷን መንገድ፣ ከልቡ አውጥቶ ነው የሰጣት። ልትቆጣ ፈለገች፤ አልሆነላትም። አንድን ነገር ይህን ያህል የሚወድ ሰው ከእሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው የገረማት።

ጨዋታው አቻ እንደሆነ ሊያልቅ ሲል ቡድኑ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። እሷ ተነስታ እንግዶቹን ፊት ለፊት ያይ የነበረውን የአባቷን ፎቶ አነሳች፤ ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ አቆመችው፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ።

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለ ጎረቤታቸው አናጢው። «ይህቺን ምት ብቻ አዙሪው...»

«ዛሬ ያያል።»

ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ።

«ይየው፤ ልክ ነሽ» አለ። «አንድ ሰው ግን መውጣት አለበት።»

በሩን ቀስ ብሎ ከኋላው ዘጋው። በመስኮቱ አየችው፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፏል።