ግጥም የማይቀበለው ሸክላ

ባሌን ውቤን ሸክላ ላይ ያወጣው የአዲስ አበባ ሰው ምን ቸገረው! መጣ፤ ዳንግላ ሠርግ ላይ ድምፅ መቅጃውን ደቅኖ ውቤ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ቀዳ፤ ጠጁን ጠጣ፤ ሄደ። ጣጣውን የወረስነው እኛ ነን።

ሸክላው የደረሰን በታኅሣሥ ነው። በኛ ከተማ በቆሰበር ግራማፎን ያለው ባለሱቁ አስማረ ብቻ ስለሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ሁሉ እሱ ደጅ ላይ ተሰበሰበ። ውቤን ነጭ ኩታ አልብሼ ከፊት አስቀመጥሁት። አንገቱን ደፍቶ ጥፍሩን ይፍቃል። የፈራው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ግራዝማች ደርበውን ነው። ግራዝማች በጥር ልጃቸውን ይድራሉ። እሳቸው የጠሩትን አዝማሪ ከዳንግላ እስከ አዘና ያለ ደጋሽ ሁሉ ይጠራዋል፤ እሳቸው የተዉትን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኛ ደግሞ እርሻ የለን፣ ላም የለን፤ ያለን የጥር ሠርግ ነው። ጥር ካመለጠን ክረምቱን በምን እንደምንገፋው እግዜር ይወቀው።

አስማረ እጀታውን ዘወር ዘወር አደረገና መርፌውን አሳረፈው። የውቤ ድምፅ ወጣ። ወይ ጉድ! የገዛ ባሌ አጠገቤ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ፣ ከወዲያ ደግሞ ይዘፍናል። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ያን ጉሮሮ እኮ በተልባ ያከምሁት እኔ ነኝ።

ዘፈኑን የሰማ ሰው ግን አልነበረም። ግማሹ አገር ዳንግላው ሠርግ ላይ ስለነበር ሁሉም የሚያዳምጠው ራሱን ነው። አድማሴ የሚባለው ፈረሰኛ «ይህቺ ሳል የኔ ናት!» ብሎ ተነሣና፣ ሳሉን መልሰው እንዲያሰሙለት አስማረን ለመነ። እህተማርያም እልልታዋ መሐል ላይ ስለተቆረጠ አኮረፈች። «ዘፈኑን አሳጥረው እልልታዬን ቢጨርሱት ምን ነበረበት?» አለች። ከዘንገና ሐይቅ በኩል የመጡት ገበሬዎች ደግሞ ውቤ ግማሹን ሌሊት በአገውኛ የዘፈነው የት እንደገባ ጠየቁ፤ እውነታቸውን ነው፣ አንድም አልነበረም። አስማረ «እኔ የጨመርሁትም የቀነስሁትም የለም» እያለ በእናቱ ማለ። ስለ ባሌ ዘፈን የተባለው «ደህና ነው» ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ጠይቄ ነው።

ግራዝማች እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «የኔ ግጥም የታል?» አሉ።

ዳንግላ ላይ ግጥም ሰጥተው ውቤ ተቀብሏቸው ነበር። ሸክላው አልበቃ ብሎ ቀርቷል። አስማረ ይህንኑ ነገራቸው።

«ግድ የለም፤ አሁን እሰጠዋለሁ። አስጀምረው» አሉ። ዘፈኑ እንደገና ሲጀምር ወደ ግራማፎኑ ቀረብ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተቀበል!
ሐይቁን ሦስቴ ዞሮ ቤቱ ሲመለስ፣
ገና ላብ አልነካው የደርበው ፈረስ።»

ሸክላው አልተቀበለም። ስለ ሙሽራዋ አንገት መዝፈኑን ቀጠለ።

መቼም በኛ አገር ሰው ቆሞ «ተቀበል» ሲል አዝማሪ እጅ ነሥቶ ቃሉን ሳያጎድል መልሶ ያዜምለታል። ያልተቀበለ እንደሆነ ሰውየውን በአደባባይ እንደ ሰደበው ነው። ግራዝማች አልሰማኝ ይሆናል ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ሸክላው ዝም እንኳ ቢል ምን አለበት፤ ጭራሽ «አይዞሽ» እያለ ሙሽራዋን ያባብላል።

«ኮርቷል» አሉ ግራዝማች።

ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ ውቤ ይኸው አጠገብዎ አይደለም እንዴ! ለሱ ይስጡት፣ ይቀበልዎታል!»

«አንቺ ሸጋ፣ ቆይ እስቲ። ይህ ድምፅ የማን ነው?»

«የሱ ነው።»

«በሰው ፊት የናቀኝ ድምፁ ነው። አዝማሪ ከድምፁ ሌላ ምኑን ነው የምጠራው?»

 አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ተዉ ጌታዬ» አላለም። ጥር ከእጃችን ስትወጣ በዓይኔ አየኋት።

ያኔ ውቤ ተነሣ። ማሲንቆውን አልያዘም። ግራማፎኑ ፊት ቆመና ወደ ገዛ ድምፁ ጎንበስ ብሎ፣ ልመና በሚመስል አነጋገር፦

«ተቀበል።
ስቀበል ኖርሁና የሰው ሁሉ ቃል፣
የኔን የሚቀበል ወዴት ይገኛል።»

ሸክላው ወደ ሙሽራዋ ዓይን ተሻግሯል። ለሱም አልተቀበለም። ውቤ ቆሞ ጠበቀ። ይህን ያህል ዘመን ሚስቱ ሆኜ፣ ይህ ሰው ለማንም ግጥም ሰጥቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለኔም ሰጥቶኝ አያውቅም፤ እኔም ስጠኝ ብዬው አላውቅም።

ግራዝማች አንዴ ሸክላውን፣ አንዴ ውቤን አዩ።

«አንተንም?» አሉት።

«እኔንም፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ለአስማረ አስያዙ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ለአዝማሪው እጅ ነሡ። ዘፍነው የማያውቁት ሰው፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው የውቤን ግጥም አንድ ቃል ሳያጎድሉ ተቀበሉለት። ዜማውማ የትም ሄዷል። ማንም አልሣቀም። ውቤ ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።

ግራዝማች በትራቸውን ተቀብለው ጥቂት ሄዱና ዞር አሉ።

«ለሠርጉ በጊዜ ና» አሉት። በአገጫቸው ወደ ሸክላው እያመለከቱ «እሱን ግን ደጄ እንዳታደርሰው።»