የቅዳሜ ተራ

«ይኼኛው መርሴዲሱ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው በሆዱ፣ ከውጭ የሞተር ድምፅ ሲሰማ። ቀና ብሎ ማየት አላስፈለገውም። ትንሽ ቆይቶ እንደ ስፌት መኪና እየተንተከተከ ቮልሱ ደረሰ። በሰፈሩ መንገድ ዳር አሮጌ መኪኖች አንድ በአንድ እየመጡ ቆሙ። በሮቻቸው ሲዘጉ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ጠቅ አይሉም፤ ድም ይላሉ።

ሳሎኑ በሐዘንተኛ ተጨናንቋል። ወንበር ያልደረሰው ግድግዳ ተደግፏል። አንዲት ጎረቤት በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው የስኒ ትሪ ይዛ በሰው ጉልበት መሃል እየተሽሎከለከች ቡና ታድላለች። ሰዓት ሠሪው በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር አልተነቃነቀም። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ እዚያችው ላይ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ይሄዳል።

«ማነው ደጃፉ ላይ የተቀመጠው?» አለች አንዷ ከኋላው።

«ታላቅየው ነዋ። የሟች ወንድም።»

«የማይነጋገሩት?»

«እሱ ራሱ። በቁሙ ሳይጠይቀው አሁን ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

ሰምቷል። ዕድሜውን ሙሉ የሰዓት ትርታ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያመልጠውም። ስኒውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይጠጣ መልሶ አወረደው።

ባለመኪኖቹ ገቡ። ከፊት ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ከኋላቸው መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ። እነዚህ ሰዎች ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ስታዲየሙ ጎን ይሰበሰባሉ፤ መኪኖቻቸውን አጥበው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው፣ ላለፈ ላገደመው ያሳያሉ። እርስ በርስ የሚጠራሩትም በመኪናቸው ስለሆነ ዳኛው ልማዳቸው አሸነፋቸውና የሟች አክስትን እጅ ይዘው «ያጽናችሁ እናቴ፤ እኔ መርሴዲስ ነኝ» አሉ።

አክስትየዋ እንባዋን ጠርጋ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ማን ነኝ አሉ?»

የሟች ሚስት ከፍራሹ ላይ ሆና ፈገግ አለች። ያን ሰሞን የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

*

መኪናዋ የአባታቸው ነበረች። ታክሲ ሠርተውባት ሁለቱንም ልጆች አሳድገውባታል። እርጅና ሲጫናቸው ጠርተው «ለሁለታችሁ ናት» አሏቸው፤ ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም። ወንድማማቾቹም ሳምንት በሳምንት ተካፈሏት። ቅዳሜ ጠዋት ሳምንቱን የጨረሰው ለተረኛው ያደርሳል። ስሟን «አሮጊቷ» አሏት። እሁድ ሲሰበሰቡ ሁለቱም አብረው ይወስዷታል፤ ታላቅየው ስለ ሞተሯ ያስረዳል፣ ታናሽየው ያስቃል።

ታናሽየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቁመቱ ከበር ስለሚተርፍ ሰው ሁሉ «ሎጋው» ይለዋል። መኪናዋን አይቶ ለጓጓ ሁሉ ቁልፉን ይሰጣል። «ግባ፣ ጨብጣት፣ አትነክስም!» ይላል። ሰዓት ሠሪው ግን አንዲት ብሎን ብትለወጥ እንቅልፍ አይወስደውም። የአባቱ እጅ የነካው ሁሉ እንደነበረ እንዲኖር ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ታላቅየው ራቅ ወዳለ ከተማ ለሥራ ሄዶ ሰነባበተ። ሲመለስ እሁድ ነበርና በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ሄደ። የአባቱ ነጭ መኪና አረንጓዴ ሆና ጠበቀችው።

«እንዴት ናት ጋሼ? አላማረባትም?» አለ ሎጋው፣ ሁለት እጁን እንደ ሙሽራ አጃቢ ዘርግቶ። «ዝገቱ ሊበላት ነበር እኮ! ነጩ ቀለም ደግሞ ከገበያ ጠፋ።»

ሰዓት ሠሪው ያ ሁሉ ሰው ባለበት «አባታችንን ሁለተኛ ገደልከው» አለው።

የሎጋው ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገሩም። ሰዓት ሠሪውም ስታዲየሙ ጎን ዳግመኛ አልቆመም።

ተራው ግን አልተቋረጠም። ሁለቱም ቁልፍ ነበራቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ሌላው ደጃፍ ላይ አቁሟት፣ በር ሳያንኳኳ ይሄዳል። መኪናዋ መሃል ላይ ሆና መልእክት አመላላሽ ሆነች። ሎጋው መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ይመልሳታል፤ አጭሩ ሰዓት ሠሪ እያጉረመረመ ወደ ፊት ይስበዋል። ሰዓት ሠሪው ቆማ የኖረችውን የመኪናዋን ሰዓት ፈትቶ አስነሳት፤ በሳምንቱ ሆን ተብሎ ወደ ፊት ተገፍታ መጣች። አስተካከላት። እንደገና ተገፍታ መጣች። ይህ ነገር ዓመታት ቆየ። ሰዓት ሠሪው ለሚስቱ እየተማረረ ያወራው ነበር፤ ሚስቱ ግን ቅዳሜ ሲቃረብ ፊቱ እንደሚፈካ ታውቃለች።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። መቀመጫው ለሱ ቁመት ልክ ወደ ፊት ተስቦ፣ ሰዓቷም ሳትነካ መምጣት ጀመረች። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ አላመነም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። «ታረቀኝ ማለት ነው» አለ። እሱም ዝም አላለም። አንድ አርብ ሱቁን ዘግቶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ እስከዚያ ድረስ በጨርቅ እንኳ ነክቶት የማያውቀውን አረንጓዴ ቀለም በሰም እያሸ መስታወት አስመሰለው። በማግስቱ አደረሳት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ በማለዳ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ጠበቀ።

መኪናዋ አልመጣችም። ስልኩ ነው የጮኸው።

*

ዳኛውና ባለመድኃኒት ቤቷ ወንበራቸውን ወደ ሰዓት ሠሪው አስጠጉ።

«ጠፋህብን እኮ» አሉት ዳኛው። «ቦታህን ግን ለማንም ሰጥተን አናውቅም።»

«ምን ቦታ አለኝ ብለው ነው።»

«እንዴት የለህም?» አለች ሴትዮዋ። «ሎጋው መች አስረሳን! አንድ ሰው መጥቶ ‹የማን ናት?› ብሎ ከጠየቀ፣ ‹ባለቤቱ ወንድሜ ነው፤ እኔ አጣቢዋ ነኝ› ነበር መልሱ።»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አውልቆ፣ ንጹሕ የነበረውን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

በሚቀጥሉት ቀናት ሰዉ እየሳሳ ሄደ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ወደየባለቤታቸው ተመለሱ። አንድ ከሰዓት በኋላ እሱና የወንድሙ ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። እሷ ስኒ ታጥባለች፤ እሱ እየተቀበለ ያደርቃል።

«ከኔ ጋር ሊታረቅ አስቦ ነበር» አላት ድንገት። «መቀመጫውን ለኔ ማስተካከል ጀምሮ ነበር። ሰዓቷንም ተወልኝ።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«ጋሼ…» አለች። «እኔ ነበርኩ የምነዳት። የኔም እግር አጭር ነው።»

«አንቺ?»

«ልቡ ደከመ። ክረምቱ ሲገባ ሐኪሞቹ መንዳት ከለከሉት። ሰዓቷንም ሊያዞራት ይሞክር ነበር፤ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ እምቢ አለው።»

ሰዓት ሠሪው የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ደስታው፣ አንድ በአንድ ከእጁ ላይ ወደቀበት።

«እና እንዴት አትነግሪኝም?» ድምፁ ከፍ አለ። «ወንድሜ እኮ ነው! ታሞ ሳላውቅ?»

«አስምሎኝ ነዋ! ‹እኔን ብሎ ይምጣ እንጂ በሽታዬን ብሎ አይምጣ፤ አልቅሶ እንዲታረቀኝ አልፈልግም› አለኝ። እንዴት ለመንኩት መሰለዎት።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ግን እኮ አብሮኝ ይመጣ ነበር፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ከጎኔ ተቀምጦ እስከ እርስዎ መታጠፊያ ድረስ። እዚያ ላይ አውርጂኝ ይላል። ደጅዎ አቁሜ እስክመለስ፣ አጥሩን ተደግፎ ወደ ቤትዎ ያያል። ከዚያ በታክሲ እንመለሳለን።»

ሰዓት ሠሪው የማድረቂያውን ጨርቅ እያጣጠፈ ዘረጋው፤ እንደገና አጣጠፈው።

«ሰም የቀቧት ጊዜ ግን» አለች፣ ድምጿ ተለሰለሰ፤ «በመስኮት አይቷት ያለ ከዘራ ወጣ። ዞራት። ፊቱን በበሯ ላይ አይቶ ‹ጋሼ አረንጓዴዋን አሻት! አይታይሽም? አረንጓዴዋን አሻት!› እያለ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ‹ለቅዳሜ መታጠፊያው ላይ አልወርድም፤ እስከ በሩ ነው የምሄደው› አለኝ። ሸሚዝ ሁሉ አስመርጦኛል።»

«እኔም ደጅ ላይ ወንበር አውጥቼ ነበር» አለ።

ሁለቱም እዚያው ማዕድ ቤት ቆመው አለቀሱ፤ እሷ ድምፅ አውጥታ፣ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ። ከዚያ የቀሩትን ስኒዎች አጥበው ጨረሱ።

ሊሄድ ሲነሳ ቁልፉን አምጥታ ዘረጋችለት።

«ይውሰዷት። ከእንግዲህ የርስዎ ናት።»

«ተራሽ አልደረሰም እንዴ?» አላት።

«የምን ተራ?»

«የሱ ተራ አሁን ያንቺ ነው። ሳምንት ያንቺ፣ ሳምንት የኔ። እሁድ ደግሞ ስታዲየሙ ጎን አብረን እንወስዳታለን፤ እኔ ስለ ሞተሯ አወራለሁ።» ትንሽ አሰበና «የሚያስቀውን እንግዲህ ካንቺ እንጠብቃለን» አለ።

«በሉ እንግዲያው ላድርስዎት።»

እሷ መሪውን ያዘች። እሱ ዞሮ ከጎኗ ገባ። ቀኑ ገና ብርሃን ነበረ፤ ከሥራ የሚወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ትልቁ አደባባይ ላይ ሲደርሱ ከፊት ለፊት የሚመጣ የከተማ አውቶቡስ መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ሹፌሩ የባልደረባውን መኪና አውቋት ነው። የፊት መስታወቷ የፀሐይ ነጸብራቅ ስለነበረበት ውስጧ ያለው ማን እንደሆነ አይታየውም። ምናልባት ከረፍት ተመልሶ መርዶውን ገና አልሰማም ይሆናል።

ሰዓት ሠሪው መስኮቱን አወረደ። ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ አወጣና፣ አውቶቡሱ አልፏቸው እስኪሄድ እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበ።