የጋሽ ግራም የቤት ሚዛን

ጋሽ ግራም ያሉት ሥጋ ሻጮቹ ናቸው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ እሱን ግን አሁን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሥራው ሚዛን መፈተሽ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ካፖርቱን ለብሶ፣ የፍተሻ ድንጋዮቹን በእንጨት ሣጥን ተሸክሞ፣ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ሲያስስ ኖሯል። ድንጋይ ይባሉ እንጂ ብረት ናቸው፤ አስር ኪሎ የተባለው አስር ኪሎ ነው፣ አለቀ። ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል፣ መርፌው ትንሽ ከሳተ ቀይ ወረቀት ይለጥፍበታል።

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! አምስት ግራም እኮ ናት!» ይሉታል።

«ታዲያ እንዲህ ትንሽ ከሆነች ለምን ሰረቅካት?» ይላል።

ግግም ያለ ሰው ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤትን ያደክማል። ከአንድም ሥጋ ቤት ስጦታ ተቀብሎ አያውቅም፤ ለውሻው ብለው አጥንት ቢሰጡት እንኳ «ውሻ የለኝም» ብሎ ይመልሳል። ሥጋ ግን ሲወድ ለጉድ ነው። ቀን ሙሉ በተሰቀለ ጎድንና በተደረደረ ጭን መሀል ሲመላለስ ውሎ፣ ማታ በራሱ ገንዘብ የገዛውን ይዞ ይገባል። ቁርስ ሥጋ፣ ምሳ ሥጋ፣ እራት ከምሳ የተረፈ ሥጋ። ጎመን በሱ ቤት ሳህን ማሳመሪያ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ አዞረውና ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያውን አሠረች፣ ለካች፣ ፈታች፣ አላመነችምና እንደገና አሠረች።

«ጋሼ፣ ግፊትዎ ጣራ ነክቷል። ደምዎ ውስጥ ያለው ቅባትም ለሁለት ሰው ይበቃል። በዚህ ዓይነት ልብዎ ብዙ አይታገስዎትም። ሥጋውን መተው አለብዎት።»

«ዛሬውኑ?» አለ።

«የለም፣ ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ቀን ይተዋሉ። በሁለተኛው ወር አራት ቀን፣ በሦስተኛው ስድስት ቀን። ከዚያ በኋላ ሰውነትዎ ራሱ ይለምደዋል። ክብደትዎን በየሳምንቱ ቤትዎ ይመዝኑና ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ።»

«ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ደስ አለው። ከሰማው ሁሉ በደንብ የያዘው እሱን ነው።

ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ሐኪሟ ያለችውን ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አወጣችና ማብሰያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። በቁም ኪሎ፣ በአግድም ሳምንት። የላይኛው መስመር መቶ ነበር። ባሏን ቤት ውስጥ ያለችው ሚዛን ላይ አወጣችው፤ እሱ ራሱ ከመሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ መሀል ገዝቶ የጠገናት ሚዛን ናት። ዘጠና ስምንት። ነጥብ አደረገች።

«ይቺ ነጥብ ወደ ታች ትወርዳለች» አለችው። «ካልወረደች እኔና አንተ እንጣላለን።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰውየው በእውነት ሞከረ፤ ሐሜት አልወድም። የምስር ሾርባ ጠጣ፣ ካሮት እንደ ጥንቸል ቆረጠመ፣ ድንች በቆስጣ በላ። ሚስቱ «እንዴት ነው?» ስትለው «ጥሩ ነው» ይላል፤ ፊቱ ግን ለቅሶ ቤት የደረሰ ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሥጋ በማይበላበት ቀን፣ ከገበያው ጀርባ ያለው ጥብስ ቤት በር ላይ አለፈ። ጭሱ መጣና አፍንጫውን ያዘው። ባለቤቱ በሹካ የበግ ጎድን እያገላበጠ «ጋሽ ግራም! ኧረ ምነው ጠፉ?» አለው። እግሩ ሳያማክረው ገባ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ቤት ጎመን፣ ገበያ ጎድን። ጎመኑ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱን ከፈተው!

ቅዳሜ ሊመጣ ነው። ቅዳሜ ሚዛን ነው። ሚስቱ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትጠብቃለች። ዓርብ ከሰዓት እሷ ትምህርት ቤት እያለች፣ ጋሽ ግራም ሚዛኗን ገለበጣትና ሥሯ ያለችውን ብሎን ለረጅም ጊዜ አያት። በዕድሜው ሁሉ ሰዎች እንዲህ ያለች ብሎን ሲነኩ ሲይዝ ነው የኖረው። መፍቻውን አነሳ። አዞራት፣ ትንሽ ብቻ። የሱ ነገር ሲሆን ደግሞ ሥራው ጥራት ነበረው፤ ሚዛኗ ባዶ ስትሆን መርፌዋ ዜሮ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሰው ሲወጣባት ግን ከመቶው ጥቂት ትውጣለች።

«እሰይ!» አለች ሚስቱ ቅዳሜ ዕለት። «ወረደች!» አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

በየዓርቡ ትንሽ፣ በየዓርቡ ትንሽ። ቀስ በቀስ አይደል የተባለው? ግድግዳው ላይ ያሉት ነጥቦች እየተንደረደሩ ወረዱ። በአስራ አንደኛው ሳምንት ዘጠና ሁለት ገባ። ሚስቱ ወረቀቱን አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ወስዳ አሳየች። ሱሪው ግን አልዘጋ ብሎት ቁልፉን በላስቲክ ያስር ጀመር፤ «ምነው?» ስትለው «ሲታጠብ ተሰበሰበ» አላት።

እሷ በዚያው ሰሞን ትለወጥ ጀመር። መጀመሪያ ምግብ ታቀርብለትና እሷ ሻይ ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ከዚያ ደግሞ ይባስ ብላ ወጥ ማብሰያው ጎን ታቆመው ጀመር።

«ና፣ እይ። ምስሩን መጀመሪያ ታጥበዋለህ። ሽንኩርቱ እስኪበስል አትቸኩል። ጨው መጨረሻ ላይ።»

«እኔ ምን ላድርገው? አንቺ አለሽ አይደል?»

«ለማንኛውም ልመደው» ትለዋለች፤ ፊቷን ታዞራለች።

በሳምንት ውስጥ የምስር ሾርባ፣ የዱባ ቅቅል፣ ጎመን በድንች አስተማረችው። በደብተር ጻፈችለት፤ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለች፣ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንደምትጽፈው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከሥራ ሲገባ ቀሚሶቿን አልጋው ላይ ዘርግታ፣ ይሄ ለእህቴ ልጅ፣ ይሄ ለጎረቤቴ እያለች ስትለይ አገኛት።

«ምንድን ነው ይሄ? ልትሄጂ ነው?»

ቁጭ አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

«አልነገርኩህም። አንተ እየተሻለህ ስለሆነ ደስታህን ላበላሽ አልፈለግኩም። በየቅዳሜው አንተ ስትወርድ እኔም እወጣባታለሁ። ስድሳ አንድ ነበርኩ። አሁን ሃምሳ አራት ነኝ። ሲጀምረኝ ምንም ሳልተው፣ ምንም ሳልቀንስ ነበር። ቀሚሱ ሁሉ ሰፋብኝ። እህቴን ታውቃታለህ አይደል? እንዲህ ነበር የጀመራት። በወር በወር ትቀንስ ነበር፣ በአራተኛው ወር ቀበርናት።»

ጋሽ ግራም ክው አለ። ወይ ጉድ! ያቺ ብሎን እሷንም ስትመዝን እንደከረመች አንድም ቀን አላሰበም፤ ጭንቅላቱን የያዘው ጎድኑ ነበር።

«ሚዛኗ ናት» አላት። «ውሸቷን ነው። እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ሥጋ እየበላሁ ነበር። ቀንሼ አላውቅም። አንቺም አልቀነስሽም።»

እንባዋን ጠረገችና እያዘነች ፈገግ አለችለት።

«አይ አንተ። እኔን ለማጽናናት መዋሸት ጀመርክ? አንተ? አምስት ግራም አሳልፈህ የማታውቀው?»

«እውነቴን ነው!»

«ተወው። አያምርብህም።»

ማለ፣ ተገዘተ፣ የጥብስ ቤቱን ባለቤት ምስክር ልጥራ አለ። «ምን ያህል ብትወደኝ ነው» እያለች ጭራሽ ባሰባት። «እሺ ነይ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አላት። «የማውቀውን ነገር ለመስማት አልሄድም» ብላ ቀሚስ ማጠፏን ቀጠለች። ሃያ ሰባት ዓመት እውነት ተናግሮ፣ አንድ ቀን ዋሸሁ ብሎ ቢናገር የሚያምነው ሰው አጣ!

ተነስቶ ወጣ። በቀጥታ መሥሪያ ቤቱ ሄደ፤ ለተረኛው የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ፈርሞ የድንጋዩን ሣጥን፣ ቀይ ወረቀትና የፍተሻ ቅጽ ይዞ ተመለሰ። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ አስር ኪሎ አሉ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ ላቡ መጣ። ሁለተኛው ላይ ደረቱን አንድ ነገር ጭምቅ አደረገውና ሣጥኑን አስቀምጦ መደገፊያውን ያዘ። ዓይኑ ጨለመ። እዚሁ ደረጃ ላይ ብሞት፣ አለ በልቡ፣ ይቺ ሴት ሚዛኗን እንዳመነች ትቀራለች፤ በፍርሃት ብቻ ትከተለኛለች። ሞትን እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ፣ ሣጥኑን አነሳ፣ አንድ ደረጃ ወጣ፣ ቆመ፣ ሌላ ደረጃ ወጣ።

ሚስቱ በሩን ስትከፍት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«የሚዛን ፍተሻ ነው» አላት። «እዚህ ቤት አንድ ሚዛን አለ ተብሎ ጥቆማ ደርሶናል።»

«ምን ሆነሃል? አብደሃል?»

«እባክዎ ሚዛኑን ያቅርቡ።»

አመጣች፤ ምን ታድርግ። ተንበረከከ። መርፌዋን አሳያት፣ ዜሮ። አንዱን ድንጋይ አስቀመጠ፤ ዘጠኝ። ሁለተኛውን ደረበ፤ አስራ ስምንት። እሷ ጎንበስ አለች። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አስር አነበበች፣ ሁለተኛውንም አነበበች። የሂሳብ አስተማሪ ናት እኮ፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሃምሳ አራትን ለዘጠኝ ስታካፍል፣ በአስር ስታባዛ በዓይኑ አየ።

«ስድሳ» አለች ቀስ ብላ።

«ስድሳ። አንዷን ኪሎ በፍርሃትሽ ነው የቀነስሻት። ምንም አልሆንሽም።»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሞላ። ሚዛኑ የሚገኝበት ቦታ፤ መኖሪያ ቤት። የጉድለቱ ዓይነት፤ ሆን ተብሎ የተደረገ። የአጥፊው ስም፤ የገዛ ስሙን፣ እናቱ ያወጣችለትን፣ እስከ አያቱ ጻፈ። ፈረመ። ቀይ ወረቀቱን ላሰና ሚዛኗ ላይ ለጠፈ። በዕድሜው የሐሰት ቅጽ ፈርሞ እንደማያውቅ እሷ ታውቃለች። ያኔ አመነችው።

መጀመሪያ ሳቀች። እንዲያው መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አልሞትም! አልሞትም እኮ!» ትላለች። እሱም ሊስቅ አፉን ሲከፍት ሳቋ ተቋረጠ።

«ብሎኗን መልስ» አለችው።

መለሰ። ድንጋዮቹ ሃያ አሉ።

«ውጣባት።»

«ኧረ ተይኝ፣ ዛሬ እንኳ…»

«ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። መቶ ሁለት። እርሳሷን ይዛ ወደ ግድግዳው ሄደች። ወረቀቱ መቶ ላይ ያልቃል። ነጥቡን ከወረቀቱ በላይ፣ ቀለሙ ላይ፣ ግድግዳው ላይ አደረገችው።

«እኔ ልሞት ነው ብዬ ስፈራ የፈራሁት ለራሴ መሰለህ?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «እኔ ከሌለሁ ይሄ ሰው ሥጋውን እየበላ ይሞታል ብዬ ነው። ደብተር የጻፍኩልህ ለዚያ ነው። ለካ እኔ እያለሁ፣ ዓይኔ እያየ፣ እርሳስ ይዤ እያጨበጨብኩልህ እየሞትክብኝ ነበር።»

ደረጃው ላይ የሆነውን ነገራት፤ ደረቱን፣ ዓይኑን፣ ሁሉንም፣ አንዲት ግራም ሳያጎድል። እጁን ያዘችው፣ ያዘችውና ደግሞ ወረወረችው።

«ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ነን፤ ሁለታችንም» አለች። «ሥጋው ደግሞ ዛሬ አለቀ።»

«ሐኪሟ እኮ ቀስ በቀስ ነው ያለችው…»

«ሦስት ወር ሙሉ ቀስ ብለሃል! አሁን ካፖርትህን አውልቅ፣ ያን ጎመን ክተፍ።»

ካፖርቱን አወለቀ። ጎመኑን አጠበ፣ መክተፊያውን አወጣ፣ ደብተሩን ቁጥር አምስት ላይ ገለጠ። እየከተፈ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል፤ ሽንኩርት ገና አልነካም። ሚስቱ ቀሚሶቿን ወደ ቁም ሣጥኑ መልሳ መጣች፣ ከኋላው ቆማ መክተፊያውን ተመለከተች።

«ለኔም አብዛው» አለችው። «ርቦኛል።»