የግራው ፓራፋንጎ

ደምሰው የጂንካን ሰው የሚንቀው መኪና በዓይኑ ስለሚገዛ ነው። እንደ እሱ ያለ ባትላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ግን የሚያየው በጣቱ አንጓ ነው፤ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያቀናል። ጤነኛ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ስብራቱ በስቱኮ ተለስኖ የተደፈነ ይታፈናል።

የራሱን ቮልስ ማደስ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። የቀኙን የፊት ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ሽፋን፣ ራሱ ቀጥቅጦ ሠርቶታል፤ ስቱኮ ያስነካው «ለማለስለሻ ያህል» ብቻ ነው፤ መስታወት ይመስላል። የግራው ግን ሙያውን ያስተማረው የጋሽ ሶርሳ ሥራ ነው። የመዶሻው ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት። ደምሰው ቆርጦ ሊጥለው ቆርጧል። ከአርባ ምንጭ ያስመጣው ላሜራ ግን አንድ ብቻ ነው፤ መቀስ ከገባበት መመለሻ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥሩ ቅርጽ ማየት ፈለገ።

ፈረንጆቹ የጥንት የውድድር መኪኖቻቸውን በኬንያ በኩል አምጥተው በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሊሮጡ ነው ሲባል፣ ገዘር ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረውን እህቱን ኤፍራታን ይዞ ሄደ።

ከተማው ሁሉ ወጥቶ አንዲት ቀይ መኪና ከቧል። አንድ የቢሮ ኃላፊ ክራቫቱን አስተካክሎ ኮፋኖዋ ላይ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል። ደምሰው ሰውን በክርኑ ገፋ ገፋ አድርጎ ገባና በሩን አንኳኳ።

ዱፍ።

«ሁለት ጣት ስቱኮ!» አለ ጮክ ብሎ። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ኬክ ነው።»

«አንተ፣ ዝም በል! ባለቤቱ እያየህ ነው» አለችው ኤፍራታ።

«ይየኝ። የሚያፍር እሱ ነው።»

እየዞረ አንኳኳ። ዱፍ፣ ዱፍ። ከሜዳው ጥግ ማንም ያልከበባት፣ ቀለም እንኳ ያልተቀባች አመድማ መኪና ቆማለች፤ ገላዋ በሙሉ የመዶሻ ምት። ደምሰው እየሳቀ አንኳኳት።

ድንንን አለች።

ሽማግሌው ባለቤቷ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ተናገረ። ኤፍራታ አዳመጠችና «ምቱን ሆን ብለው ነው ያልደፈኑት» አለችው።

«ስንፍናውን ቅርስ አለው በላ!»

«ይልቅ ስማኝ። ከቱርሚ ጀምሮ መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው የሌሎቹ ስቱኮ እየተሰነጠቀ ረግፏል። የቀይዋ ባለቤት በየደረሰበት ሲለስን ነው የሚያድረው። የዚህች ግን የሚረግፍ ነገር የላትም፣ ነው የሚለው።»

ደምሰው አመድማዋን አንዴ ደግሞ አንኳኳት። ከዚያ ባጃጅ ይዞ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

ጋሽ ሶርሳ እንደ ወትሮው ጋራዡ በር ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል።

«እህ፣ ከፈረንጆቹ ምን ቀዳህ?»

«የሚቀዳ የላቸውም ጋሼ። ግማሹ ኬክ፣ ግማሹ ፈንጣጣ።»

ጠመኔና መቀሱን ይዞ ወደ ቮልሱ ሄደ። የሰው መኪና ሁሉ ሲያንኳኳ የኖረው ሰው የራሱን አንኳኩቶ አያውቅም። የግራውን ነካው፤ ድንንን አለ። የቀኙን ነካው።

ዱፍ።

ዝቅ ብሎ ሞከረ። ዱፍ። ከመብራቱ ሥር ጫን አድርጎ ደገመው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በመስታወቱ ላይ ሮጠች።

ከበሩ በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ኬክ ያልከው የትኛውን ነበር?»

ደምሰው ስንጥቋን በአውራ ጣቱ ሸፈናት።

«ስትለስነው ሸቶኛል» አለ ጋሽ ሶርሳ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መቼ ያንኳኳው ይሆን እያልኩ እዚህ ተቀምጫለሁ። አንተ ደግሞ ጣትህ ለሰው ብቻ ነው።»

ደምሰው ላሜራውን ከግድግዳው አንስቶ መሬት ላይ ዘረጋው። ጎንበስ ብሎ የግራውን ፓራፋንጎ ቅርጽ ለካ፤ ከዚያ ጠመኔውን ይዞ ዞረና ቆርጦ ሊጥለው የቀኙን ዙሪያ አሰመረ።

«የት ነው የምታሰምረው?» አለ ጋሽ ሶርሳ።

«የቀኙን ነው፣ ጋሼ።»

«በል መቀሱን ሳለው። ላሜራ አንድ ብቻ ነው ያለህ።»