አንደኛ ማርሽ ወደ ኋላ

ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ቀስ ብላ ለቀቀች። ጂፑ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የተቃጠለ ዘይት የሞላውን በርሜል በጀርባው ገጭቶ ገለበጠው።

ሞተሩን አጠፋች። ጥቁሩ ዘይት የጋራዡን ወለል እየላሰ ሲመጣ ወንድሟ አዲሱን ጫማውን ለማዳን እየዘለለ ሸሸ።

«ምን ነክተሽ ነው? የኋላ ማርሽ ነው ያስገባሽው!» ብሎ ጮኸ።

«አንደኛ ነው።»

«እና መኪናው አንቺን ፈርቶ ነው የሸሸው?»

ከግንቡ ወዲያ የጎሚስታው ጭንቅላት ብቅ አለ። ይህ ጎማ ጠጋኝ ጎረቤታቸው የሰው ጉድ ከሸተተው የሚነፋው ጎማ ቢፈነዳም ግድ የለው። «የጦር መኪና አይደል» አለ፣ «ማፈግፈግ ለምዶበት ነው።»

«ሴት መሪ ስትጨብጥ እንዲህ ነው!» አለ ወንድሟ፣ ድምፁ ከግንቡ እንዲሻገር ከፍ አድርጎ። ሁለቱም ሳቁ።

እሷ አልመለሰችም። ሞተሩን እንደገና አስነሣችና የኋላ ማርሽ አስገባች። ጂፑ እንደ ታዛዥ በግ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ በኋላ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወርዳ በጀርባዋ እየተንሸራተተች ከሥር ገባች። በኋለኛው አክሰል ላይ ወደ ላይ መሆን የነበረበት የአየር መተንፈሻ መሬት መሬቱን ያያል። አክሰሉ ተገልብጧል።

ጂፑ ከአባቷ በዕድሜ ይበልጣል። ጦር ሠራዊቱ በሐራጅ ካወጣቸው አሮጌ ብረቶች መካከል መርጣ የገዛችው አንዲት የከብት ሐኪም ናት። ከወንዙ ማዶ ላሉት አርብቶ አደሮች ክትባት የምታደርሰው ይህችው ሐኪም ስትሆን፣ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት አዲስ መኪና ውሃ በገባ ቁጥር ኮምፒውተሩ ታሞ ተጎትቶ ይወጣል። «እንደ ድሮው የማይሞት፣ እንደ ዛሬው የሚሮጥ አድርጊልኝ» ነበር ያለቻት ሐኪሟ። እሷም አደረገችው። ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ናፍጣ ሞተር አምጥታ ከአሮጌው የማርሽ ካምቢዮ ጋር አጋባችው። ሽቦውን በሙሉ አውጥታ ጥላ ለክትባቱ ማቀዝቀዣ እንዲሆን አድርጋ እንደ አዲስ ዘረጋች። መኪናው ከውሃ ከፍ እንዲል ደግሞ ከአክሰሉ ሥር የነበረውን ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚሸከመውን የተነባበረ ብረት፣ ከላይ ማስቀመጥ ነበረባት። ለዚህ የባሌስትራው መቀመጫ ተቆርጦ በላይ በኩል በአዲስ ይበየዳል። የፊቱን እንዲሁ ሠራችው። የኋላው ሲቀር ዘንግ ለማሳጠር ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደች።

ስትመለስ የኋላው ተገጥሞ፣ ወንድሟ እጁን እየታጠበ ጠበቃት። «አንቺ ሳምንት የምትለፊበትን እኔ በግማሽ ቀን» አላት ያኔ። ባሌስትራው ልክ መቀመጡን ቆማ አየች። ጎንበስ ብላ ግን አላየችም።

ከሥር ወጥታ ቱታዋን አራገፈች። «አክሰሉን ገልብጠኸዋል።»

«ልክ አድርጌ ነው የገጠምኩት። ባሌስትራው አልገባም?»

«ባሌስትራውማ ገብቷል። መኪናው ነው ወደ ኋላ የሚሄደው።»

«ምን አገናኘው?»

«መቀመጫውን ቆርጠህ መበየድ ሰለቸህና አክሰሉን እንደ ፍራሽ ገለበጥከው። መቀመጫው ወደ ላይ መጣልህ፤ ውስጡ ያለው ጥርስስ? አብሮ ዞረ። አሁን የፊቱንም ጎማ ሞተሩ እንዲያዞረው ባስገባው የፊቱ ወደ ፊት፣ የኋላው ወደ ኋላ ይጎትታል። ልክ እንደዚህ ቤት ሰው።»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጫፍ ጠረገ። መንደሩ ሁሉ «አለቃ» የሚለው ሰው ነው፤ ከዚህ አክሰል በፊት ከመኪና ሥር ከገባ ብዙ ጊዜው ነበር።

ጫጫታውን ሰምቶ አባታቸው ከዕቃ ክፍሉ ወጣ። ጋራዡን ያቆመው እሱ ነው፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ለወንዱ ልጁ አስረከበ። ዘይቱን አየ፣ ጂፑን አየ፣ ልጆቹን አየ። ነገሩ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀና ልጁን በክንዷ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ሐኪሟ አሁን ትመጣለች» አላት በዝቅታ። «እኔ ነኝ የገጠምኩት በያት።»

«ምን?»

«ስሚኝ እንጂ። አንቺ ብትሳሳቺ ማንንም አይገርመውም። ሴት ናት፣ ሞከረች ይላሉ፣ ያልፋል። አለቃው አክሰል ገለበጠ ከተባለ ግን ነገ በዚህ በር ማን መኪና ያስገባል?»

«አባዬ፣ ሐኪሟ ምን እንዳለችኝ ነግሬህ የለ? መሥሪያ ቤቷ ከዚያው ሐራጅ የወሰዳቸው ሌሎች ጂፖች አሉት። ይሄ ካማረ የቀሩትን አንቺ ነሽ የምትመሪያቸው ብላኛለች። እኔ ነኝ ካልኩ የሚቀርብኝ እሱ ነው።»

«ሥራው ያው እዚሁ ይመጣል። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እሱ ይመራል። ምን ይጎድልሻል?»

«ይሄው ነው የሚጎድለኝ።»

«ለወንድምሽ ሸፍኚለት ነው ያልኩሽ፣ ተሰቀይለት አልወጣኝም። አንድ ደም አይደላችሁ?»

ውሸቱን ትችለው ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ አድጋ ውሸት ብርቅ አይሆንባትም። ያልቻለችው በአባቷ ድምፅ ውስጥ ያለውን ርኅራኄ ነው። ቀላሉን ሸክም መርጦ የሰጣት መስሎታል። እስከ ዛሬ ለወንድሟ የሸፈነችለትን ሁሉ በአንዴ አሰበችው፦ የተሳሳተውን ዘይት፣ ሳይጠብቅ የቀረውን ዳዶ፣ ደንበኛ ፊት «እህቴ ናት የረሳችው» የተባለበትን ቀን። ያኔ ትስቅ ነበር። የሳቀችበት አፏ አስጠላት።

ሐኪሟ የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ ገባች። ዘይቱን በቦት ጫማዋ ተራምዳ «ተነሣ?» አለች።

«ተነስቷል ዶክተር!» አለ ወንድሟ፣ ማንም ሳይቀድመው። «ትንሽ ነገር ብቻ አለች። እህቴ የኋላውን አክሰል ስትገጥም ተምታታባትና… ያው ልጅ ናት። አያሳስብዎ፤ ለጊዜው በኋላ ማርሽ ወደ ፊት ይሄዳል።»

«ወንዙንም በኋላ ማርሽ ልሻገረው?»

«ቀስ ብለው ከሄዱ…»

«ከብቶቹ ቀስ ብለው አይደለም የሚሞቱት።» ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺ ነሽ የገጠምሽው?»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። ግንቡ ላይ ያለው ጭንቅላት አንገት ጨመረ።

«የፊቱን እኔ ነኝ» አለች። «እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩት። ከዚያ የኋላውን ይዩ። የአንድ ሰው እጅ ይመስላል?»

ሐኪሟ ሣጥኗን አስቀምጣ ተንበረከከች። እጇን እስከ ክርኗ ላም ውስጥ ከትታ ጥጃ የምታወጣ ሴት ናት፤ ጭቃ አትፈራም። ፊት ለፊት አዲሱን ብየዳ በጣቷ ዳሰሰችው። ኋላ ሄዳ ደግሞ ዳሰሰች።

«እዚህኛው ላይ ብየዳ የለም፤ አሮጌው ዝገት ነው ያለው።»

«የለም። አልበየደውም፤ ገለበጠው።»

«ማን?»

«ልጄ፣ ተይ!» አለ አባቷ።

«ወንድሜ» አለች። «ጋራዡን የሚመራው።»

ከግንቡ ወዲያ ፉጨት ተሰማ። የወንድሟ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። «እሺ በቃ፣ ተሳሳትኩ! ሰው አይደለሁ?»

«ሰው ነህ። አንተ ስትሳሳት ሰው፣ እኔ ስሳሳት ሴት!»

ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ራሷንም አስደነገጣት። በአባቷ ፊት እንዲህ ጮኻ አታውቅም።

ሐኪሟ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሣች። «የቤታችሁን ጣጣ ለራሳችሁ። እኔ ነገ ማለዳ መሄድ አለብኝ። አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ንገሩኝ፤ ከእሱ ጋር ብቻ ነው የምነጋገረው። ማን ነው?»

ወንድሟ ወደ አባቱ አየ። አባቱ ወደ ዘይቱ አየ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማለዳ ይምጡ። በአንደኛ ማርሽ ነው ከዚህ የሚወጡት።»

«ለዚህኛውም ለሌሎቹ ጂፖችም?»

«ለሌሎቹም።»

ሐኪሟ ሣጥኗን አንስታ ወጣች። ጎሚስታውም የሚስቅበት ስላጣ ጭንቅላቱን መለሰ።

«በይ እንግዲህ» አለ ወንድሟ፣ አሁንም እያበጠ፣ «ኃላፊ ሆነሻል፤ ግቢና ፍቺው።»

እጇ ከልማድ ወደ መፍቻ ቁልፎቹ ሄዷል። ጎንበስ ብላ ትልቁን ይዛለች። ከሥር የምትተኛበትን ካርቶን በእግሯ ስባ እንኳን አስተካክላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ራሷን ያየችው ከጨረሰች በኋላ ነው። ቀጥ አለች። ቁልፉን ወንድሟ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ግባ» አለችው።

«እኔ?»

«አንተ ነህ የገጠምከው። አውጥተህ ገልብጠው፣ መቀመጫውን ቁረጥ፣ ከላይ በይደው። ብየዳውን እኔ ሳላየው ባሌስትራው አይጫንም።»

ወንድሟ አባቱን ተመለከተ፤ እርዳታ አላገኘም። ከዚያ አዲሱን ጫማውን አወለቀ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፣ እያቃሰተ ካርቶኑ ላይ ተንጋለለ። እግሩ ብቻ ሲቀር ከሥር ድምፁ ተሰማ፦ «ምንም አይታየኝም! መብራቱን ማን ይይዝልኛል?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእሷ ሥራ ነበር። የሽቦ መፈተሻውን ቴስተር ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና የማቀዝቀዣውን ሽቦ ለመጨረስ ወደ ጋቢናው ወጣች።

«አባዬ ይያዝልህ» አለች።