የፍሮምሳ የክርስትና ስም

አምቦ ውስጥ፣ ከደብራችን በር በስተግራ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ጧፍ፣ መቁጠሪያና የጸሎት መጻሕፍት እሸጣለሁ። ከዚህ ሌላ ደመወዝ የሌለው አንድ ሥራ አለኝ። ሁለት ደብተር እይዛለሁ። በሰማያዊው በሕይወት ያሉ፣ በጥቁሩ ያረፉ ሰዎች የክርስትና ስም ይጻፋል። ዓርብ ዓርብ ከኪዳን ጸሎት በኋላ ቄስ ተሬፋ ሁለቱን ደብተር ተቀብለውኝ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሕዝቡ ለሕያዋኑ «እግዚኦ መሐረነ» ለሙታኑ «ነፍስ ይማር» ይላል። የቤት ስም አይነበብም። እኔ በሰፈር ደግፌ ነኝ፣ በመቅደስ ግን ኃይለ ጊዮርጊስ። ስለዚህ ተሰልፎ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ወይዘሮ ባየሽ፣ እኛ አዴ የምንላት፣ መጀመሪያ የመጣችው በሐምሌ 2012 ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። ነጠላዋ ከራሷ ጋር ተጣብቋል፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

«በሰማያዊው ጻፍልኝ» አለች። «ልጄ ነው፣ ፍሮምሳ።»

«የክርስትና ስም?»

ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ወደ መሬት አየች። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ጠላ የምትነግደው ጎረቤቴ ጌጤነሽ ከመሐል ሆና «እናቴ፣ እየጠበቅንሽ እኮ ዝናቡ ሁለተኛ አጠመቀን» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

«ቶሎ በይ እንጂ አዴ» አልኳት።

«ወልደ ሚካኤል» አለች። ጻፍኩ።

ሰው ሲያወራኝ የማልቸኩል ሰው ነኝ። ሱቄ ውስጥ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ ሆዱን ያልገለጠልኝ የሰፈር ሰው ጥቂት ነው። ያን ቀን ግን ቸኮልኩ።

ልጁ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር። አዲስ ዓለም መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። በሰኔ መጨረሻ፣ አገሩ ሲናወጥ፣ ወደ አምቦ ወደ እናትና አባቱ ሊመጣ ተሳፈረ። ጊንጪ ሲደርሱ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ ይቃጠላል። ሹፌሩ «ከዚህ አላልፍም» ብሎ ሁሉንም አወረደ። ሰዉ በቡድን በቡድን ሆኖ በእግሩ ተጓዘ። አብረውት የወረዱት በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አምቦ ገቡ፤ እሱ አልገባም። አንዲት ሴት ጫማው ተበጥሶበት ሊያስር ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሲቀመጥ አይታዋለች። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ኔትወርክ ተዘግቶ ስለነበር ስልኩም አልጠራም። ኔትወርኩ ሲከፈት ደግሞ ስልኩ ዝግ ነበር። አባትየው በየሆስፒታሉና በየጣቢያው ዞሩ፤ «በመዝገብ የለም» ተባሉ። ሬሳም፣ እስረኛም፣ ቁስለኛም አልሆነም።

አዴ ባየሽ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓርብ አልቀረችም። ደብተሩ በየወሩ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ሌላው ሰው በወር አንዴ መጥቶ ያሳድሳል። እሷ ግን በየሳምንቱ ትመጣና ስሙ መኖሩን ታረጋግጣለች። ማንበብ አትችልም። መስመሩን አሳያታለሁ፤ ጣቷን ታሳርፍበትና «ኢልመ ኮ» ትለዋለች፤ ልጄ ማለቷ ነው።

«ይኸው ነው? ሌላ የምትጨምርበት የለህም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምን ልጨምር አዴ?»

«እንጃ። ለአራት ዓመት ልመና ስሙ አነሰብኝ።»

እህቷ ጉደር ከተማ ልጇን ስትድር እንኳ አልሄደችም። «እሱ ቢመጣ በር ማን ይከፍትለታል?» አለች። ባልሽስ ብዬ ጠየቅኳት። «ለሜሳ ከተቀመጠ አይነሣም» አለችኝና ሳቀች። ሳቋን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኦቦ ለሜሳ ጋሪ ሠሪ ናቸው። አምቦ ውስጥ ከሚሄደው የፈረስ ጋሪ ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው ይባላል። ልጃቸው ከጠፋ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን በር ረግጠው አያውቁም ነበር። በጥቅምት 2017፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ በሱቄ መስኮት ብርሃን የከለለ ሰው ሳይ እሳቸው ናቸው። የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ ለሜሳ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ናጋ» አሉና ገብተው ዱካዋ ላይ በቀስታ ተቀመጡ። «ጥቁሩ ደብተር የትኛው ነው?»

አሳየኋቸው።

«አንድ ስም ጻፍልኝ። ለቄሱም ንገርልኝ፣ ፍትሐት ይደረግ። ተዝካሩን አወጣለሁ።»

«ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል? ለፍሮምሳ ነው እንጂ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «አዴ ባየሽ ታውቃለች?»

«እሷ የምታውቀው ይመጣል የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ሐኪሙ የነገረኝን አውቃለሁ። ጉበቴ አልቋል፤ ከጥምቀት ወዲያ ቀጠሮ አልሰጠኝም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለቅሶ ያልተቀመጥኩለት ልጅ ነው ደግፌ። አንድ ሰው መጥቶ እግዚአብሔር ያጽናህ ያላለኝ። ምን ብሎስ ይበለኝ? ሳልሸኘው ልሂድ?»

ጊዜ ለማግኘት ብዬ ሰማያዊውን ደብተር ገለጥኩ። «ስሙ እዚህ አለ፣ በየሳምንቱ ይጠራል። ወልደ ሚካኤል።»

«ማን?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«እሱ ፍሮምሳ አይደለም» አሉ። «ፍሮምሳ ገብረ ሥላሴ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ክርስትና ያነሣው ኤጄታ ካቺሲ ከተማ አለልህ፣ ደውልለት። ወልደ ሚካኤል…» አሉና መስኮቱን አዩ። «ወልደ ሚካኤል የበኩር ልጃችን ነው። በአርባ ቀኑ ተጠመቀ፣ በሃምሳኛው ሞተ። የቤት ስም እንኳ አላወጣንለትም፤ አያቱ ከገጠር መጥተው ያውጡለት ብለን ስንጠብቅ ነው የሄደው።»

ያኔ ገባኝ። ፍሮምሳ የሚጠራበት የቤት ስም ነበረው፤ የክርስትና ስሙን ከጥምቀቱ ቀን ወዲያ የጠራው የለም። ሕፃኑ ግን ከክርስትና ስሙ በቀር ሌላ አልነበረውም። እናቱ በልቧ ስትጠራው የኖረችው በዚያ ነው። በዝናብ ውስጥ ቆማ፣ ሰው እየሳቀባት፣ እኔ ቶሎ በይ ስላት፣ አፏ ላይ የመጣው የምታውቀው ስም ነው።

«አራት ዓመት ሙሉ የምታስጠራው ሕፃኑን ነዋ!» አሉ ኦቦ ለሜሳ። ቆይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ንገራት፤ ከኔ አትሰማም። ጸሎቱ አልደረሰም በላት። ምናልባት ትተወው ይሆናል።»

እሳቸው እንደሄዱ ካቺሲ ደወልኩ። ኤጄታ ጆሯቸው ስለደከመ ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። «ገብረ ሥላሴ ነው እንጂ» አሉ። «ታቅፌ የቆምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ልጁ ጠፋ ተባለ፤ ደግሞ ስሙንም አጠፋችሁት?»

ማታውን ቄስ ተሬፋን የዕቃ ቤቱን በር ሲቆልፉ አገኘኋቸውና ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

«አባ፣ ያ ሁሉ ጸሎት ወዴት ሄደ?»

«ስለ ደብተርህ ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ስለ እግዚአብሔር?»

«ስለ ሁለቱም።»

«እኔ ያነበብኩት የጻፍክልኝን ነው። እሱ ምን እንደሰማ እሱ ያውቃል።» ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ንገራት። ግን ባሏ እንዳለህ አድርገህ አይደለም። ስለማታውቀው ነገር አልደረሰም አትበላት።»

ዓርብ ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ አዴ ባየሽን ሱቁ ውስጥ አስገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩ። የጀመርኩት ከራሴ ነው። ያን ቀን ያቻኮልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ ስሙን ነገርኳት።

ጣቷ ከነጠላዋ ጥለት ላይ አንድ ክር መዘዘ።

«ሕፃኑን ስንቀብር አልቅሺ ያለኝ የለም» አለች። «ልጅ ነሽ ገና ትወልጃለሽ አሉኝ። ቄሱም ቸኩሎ ነበር፣ ዘነበ ብሎ። ከዚያ በኋላ ስሙን በአፌ አውጥቼ አላውቅም።» ቀና አለች። «በየሳምንቱ ነው የተጠራው?»

«በየሳምንቱ።»

«ከሕያዋን ጋር።»

«አዎ።»

«እንግዲህ» አለች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ኦቦ ለሜሳ እንዳሉት ልትተወው ነው ብዬ ጠበቅኩ። እውነት ለመናገር፣ እንድትተወውም ፈለግኩ፤ ድካሟን አይ ነበር።

«ፍሮምሳን ግን ማንም አልጠራውም ማለት ነው» አለች።

«አዴ፣ እግዚአብሔር የልብሽን…»

«ልቤን ተወው። አንተ ስም ነው የጠየቅከኝ፣ ልቤን አልጠየቅከኝም። ሌሊት ሌሊት እንዴት ዝም ይለኛል እያልኩ እግዚአብሔርን ስወቅስ ነበር፤ ለካ ልጄን አልጠራሁለትም።» ሁለቱን ደብተሮች ወደ እኔ ገፋች። «ወልደ ሚካኤልን ወደ ጥቁሩ አዙረው፣ ይበቃዋል፣ ይረፍ። ገብረ ሥላሴን በሰማያዊው ጻፍ። ያለፈው አይቆጠርም። ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነው።»

ጻፍኩ። ሸክም ላወርድላት ብዬ የአራቱን ዓመት መንገድ ከመነሻው መልሼ አሸከምኳት። ኦቦ ለሜሳ ደግሞ የቀራቸው ሦስት ወር ነበር።

እሳቸውም ያን ቀን መጡ። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ለማየት መሆኑ ነው። ወንዶቹ የሚቆሙበት ዳር ላይ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቄስ ተሬፋ ከሰማያዊው «ገብረ ሥላሴ» ሲሉ ኦቦ ለሜሳ ወደ እኔ ዞረው አፈጠጡብኝ። ከጥቁሩ «ወልደ ሚካኤል» ሲሉ ግን አልጠበቁትም ነበር። ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ካበቃ በኋላ፣ ቄሱ ወደሚቀጥለው ስም አልፈው ሳለ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለብቻቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አዴ ባየሽ ከሴቶቹ በኩል ወጥታ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። ማንም ምንም አላላትም።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ በባጃጅ አብረው ይመጡ ጀመር። መስኮቴ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

«ደግፌ፣ ያን ስም ወደ ጥቁሩ አዙር» ይላሉ እሳቸው።

«ይሞክርና ያየኛል» ትላለች እሷ።

«ይቺ ሴት እኔን ቀብራ እሱን ትጠብቃለች።»

«አንተን ማን ይቀብርሃል፣ ተነሥተህ አትሄድም።»

ተዝካሩ ግን ቀረ። ኦቦ ለሜሳ ያለ እሷ ፈቃድ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ለምን እንደሆነ የነገሩኝ በጥር መጀመሪያ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃታቸው በኋላ፣ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄጄ ሳለ ነው። ሆዳቸው አብጧል፣ ክንዳቸው ግን የልጅ ክንድ አክሏል። አዴ ባየሽ ውኃ ልታመጣ ወጣ ስትል እጄን ያዙ።

«ስሙን በሰማያዊው ተወው» አሉኝ። «እኔ ከምሄድበት ካለ አገኘዋለሁ። ከሌለ ደግሞ እሷ ነች ልክ።»

«እሺ ኦቦ።»

«ችግሩ ልነግራት አልችልም። ከዚያ ኔትወርክ የለም።»

ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳሉ አቋረጣቸው። ከዚያ አብረን አባታችን ሆይን ደገምን። «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» ላይ ሲደርሱ አቆሙ። የደከማቸው መስሎኝ ብቻዬን ቀጠልኩ፤ ዝም በል አሉኝ በእጃቸው። ትንሽ ቆይተው ከዚያው ቃል ጀምረው ለብቻቸው ጨረሱት።

ከጥምቀት በኋላ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ለቀብሩ የመጡት ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን ከአጥሩ ውጭ አስረው ነበር። ለቅሶው ላይ ለሁለት የሚሆን እንባ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የሁለተኛውን ስም ግን ያነሣ ሰው አልነበረም። እናቲቱ ፊት ማን ያነሣል?

አዴ ባየሽ ከአርባው በኋላ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። እንደ ልማዷ ከሰው ኋላ ተሰለፈች። ወረፋዋ ሲደርስ እጇን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

«በጥቁሩ ሁለት» አለች። «ወልደ ሚካኤልና ኃይለ መስቀል።»

«ኃይለ መስቀል ኦቦ ለሜሳ ናቸው?»

«ለሜሳ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በሰማያዊው?»

«ገብረ ሥላሴ።»

ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፤ አሁን የማንንም ስም ሁለት ጊዜ ሳላነብ አላልፍም። ጌጤነሽ ከኋላ ቆማ ነበር፤ እሷም እንኳ ቶሎ በሉ አላለችም። አዴ ባየሽ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

ይህን ስጽፍ 2018 ነው። ፍሮምሳ አልመጣም። እናቱ በየዓርቡ ትመጣለች። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ትዘገያለች፤ ሰዉ አንዳንዴ «አባ ሊወጡ ነው፣ ደብተሩን ስጥ» ይለኛል። ደብተሩን አልሰጥም። ቄስ ተሬፋም ያውቃሉ፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይጠብቃሉ፣ ነጠላዋ ከታች ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ እስኪል ድረስ።