ጉም መስሎ የወረደው

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲተኛ መንገዱ ከሰማይ ጋር ይገጥማል። ሾፌሮች መብራታቸውን አብርተው በዳበሳ ይሄዳሉ፤ ከፊታቸው የሚመጣው መኪና ይሁን በግ የሚያውቁት አጠገባቸው ሲደርስ ነው። በዚያ ጠዋት የደብረ ብርሃን የእሳት አደጋ መኪና ጉሙ ውስጥ ሲገባ የቡድኑ መሪ ሰርካለም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። አንኮበር ተወልዳ ያደገች ናትና ጉም አያስፈራትም። ልጅ ሳለች ማለዳ ከቤት ስትወጣ አጥሩም ባሕር ዛፉም ተራራውም ጠፍቶ ሲጠብቃት፣ ዓለም ገና ያልተፈጠረች ይመስላት ነበር።

በስልክ የተነገራቸው አጭር ነው፤ ከመኪና መንገዱ ዋሻ በላይ አይሱዙ ተገልብጧል፣ ነጭ ነገር ይወጣዋል።

“አቁም” አለችው ሾፌሩን አለምነህን።

“ገና ነን እኮ! መኪናው እንኳ አይታይም።”

“ስለማይታይ ነው አቁም የምልህ።”

ወርዳ የአንገት ልብሷን ጫፍ ለቀቀችው። ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ ገደሉ ተንሳፈፈ። ነፋሱ ከጀርባቸው፣ ከደጋው ነው፤ የቆሙበት ቦታ ደህና ነው። ባልደረቦቿ መንገዱን ሊዘጉ ሲሰማሩ ከጉሙ ውስጥ ሰዎች እየሳሉ ብቅ ብቅ አሉ። ከሁሉም ፊት መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡት እማማ በሰለች ነበሩ፤ ዓይናቸው ደም መስሎ ያነባል።

“የአይሱዙው ሾፌር እዚያ ቀርቷል!” አሉ። “እግሩ ተሰብሮ ከመንገዱ በላይ ቋጥኝ ላይ ተጎልቷል። እናንተ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?”

የሰርካለም እግር ሊሮጥ ከጀለ። ነገር ግን ከፊቱ ያለውን ሳያውቅ የሮጠ አዳኝ ራሱ አዳኝ የሚሻ እንደሚሆን ታውቃለች።

“እማማ፣ ምን ምን ሸተተዎት?”

“አሁን ይሄ የሽታ ጊዜ ነው?”

“ይንገሩኝ፤ ለእሱው ነው።”

አሮጊቷ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። “በረኪና። ጉሮሮዬን ፋቀው።”

“መልኩስ?”

“ጉም ነው እንጂ ምን መልክ አለው… ቆይ ግን፤ ከሥሩ ቢጫ ይላል፣ አረንጓዴም ይመስላል። ደግሞ እንደ ጉም አይነሳም። መሬት ለመሬት ነው የሚሳበው።”

ሰርካለም ከመንገዱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ወጥታ የሩቅ ማያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ነጭ ብቻ ነበር። ከዚያ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገልጦ በጎኑ የተኛው አይሱዙ፣ ከተቀደደውም ሸራ ሥር የተንከባለሉ ረዣዥም የብረት በርሜሎች ታዩ። የዘይት በርሜል አይደሉም። ብረታቸው ወፍራም ነው፤ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሏል፤ ባንዱ ጫፍ የቧንቧ መክፈቻ መሳይ ነገር አለ። ታምቆ የገባ ጋዝ እንደሚይዙ ገባት። ባንደኛው ሆድ ላይ በማዕዘኑ የቆመ የአደጋ ምልክት ተለጥፏል፤ ቀለሙን ግን ጉሙ በልቶት ሁሉም አመድማ ነው። ከሥሩ የጋዙን ዓይነት የሚናገር ቁጥር አለ። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፤ የመጨረሻውን ሸራው ሸፍኖታል።

መጨረሻው አንድ ከሆነ የማብሰያ ጋዝ ዘመድ ነው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሁሉንም ትጨርሳለች። ሰባት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ነፋሱ ሸራውን አነሳው፤ ሰባት። ከበላዩም የራስ ቅል።

“ክሎሪን ነው!” ብላ ጮኸች። ሽታውም ቀለሙም ከቁጥሩ ጋር ገጠመ። ውሃ ማጣሪያ የሚጠቀምበት ነው፤ ከዕቃው ከወጣ ግን ሳንባ ያቃጥላል።

አለምነህ ቱቦውን ጎትቶ ደርሷል። “ውሃ ልልቀቅበት?”

“ቀዳዳው ላይ እንዳታስነካው! ከውሃ ጋር አሲድ ይሆናል፤ ብረቱን በልቶ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።” ይህን እያለች ቁልቁል ወደ ገደሉ አየች። ክሎሪን ከአየር ይከብዳል። “እማማ፣ ከታች ሰው አለ?”

“ከታችማ አገሬ ነው! ልጄ ሊያ አራስ ናት እዚያ!”

“ሰዎቹ ሲደነግጡ ወዴት ይሸሻሉ?”

“ወዴት ይሸሻሉ፣ ወደ ወንዙ ነዋ።”

“ጋዙም የሚወርደው ወደ ወንዙ ነው። ወደ ጎን ይውጡ፤ ወደ ላይ!”

እማማ በሰለች፣ ሰርካለም ባሳየቻቸው በኩል፣ ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው፣ እስከ ጠርዙ ሄዱና እጃቸውን አፋቸው ላይ ገጥመው ተጣሩ። ከዚያች ቀጭን አካል ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ረጅም ድምፅ ነበር። “ኧረ ያገር ሰው! ወንዙን ተዉት! ወደ ጊዮርጊስ ጉብታ ውጡ!”

ጆሯቸውን ሰጥተው ጠበቁ። ቀጥሎ ከጉሙ ሆድ አንድ የወንድ ድምፅ ያንኑ ቃል መለሰው። ከእሱ ወዲያ የሴት፣ ከእሷም ወዲያ እጅግ የራቀ የማን እንደሆነ የማይለይ ድምፅ። ሰው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ከድምፅ እየተቀባበለ ይወርዳል። ሰርካለም ሸለቆው ራሱ አፍ አውጥቶ የሚናገር መሰላት።

እሷና አለምነህ መከላከያ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የመተንፈሻ አየራቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ጭምብላቸውን አጥብቀው ገቡ። በጭምብሉ ውስጥ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰርካለም የምትራመድ ሳይሆን የምትንሳፈፍ መሰላት፤ በእግሯ ሥር ቢጫው ጢስ እንደ ጅረት ይፈሳል፣ ከበላዩ ነጩ ጉም ቆሟል፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ሾፌሩን ቋጥኙ ላይ አገኙት። ወርቅአገኘሁ ይባላል። ጋቢውን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ከጢሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የማዳኛ ጭምብል ስታጠልቅለት እጇን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

“ልነግራቸው ነበር” አለ በተሰነጠቀ ድምፅ። “ከታች ላሉት… ድምፄ እምቢ አለኝ።”

“ሰምተዋል ወንድሜ። አሁን አትናገር።”

በቃሬዛ አወጡት። ወደ ሆስፒታል ከተላከ በኋላ ከውሃ አገልግሎት የመጡ ባለሙያዎች በመሣሪያቸው ቀዳዳውን ደፈኑት። ወርቅአገኘሁ ብዙ ሳምንት ሲስል ከረመ፤ ግን ዳነ።

ሰርካለም ጭምብሏን አውልቃ በዙሪያ መንገድ ጊዮርጊስ ጉብታ ስትደርስ ፀሐይ ጉሙን መግፋት ጀምራ ነበር። ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጥጃ ያቀፈ አለ፣ ቁርበት የተሸከመ አለ፣ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ጀርባ ታዝለው መጥተዋል። እማማ በሰለች በመካከላቸው እየዞሩ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራሉ። ሊያ ከጎረቤቶቿ መካከል ሕፃኗን ደረቷ ላይ ሸጉጣ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ሲያገኟት የሕፃኑን አፍንጫ አሸተቱ።

ወንዙ ዳር የቀሩ በጎች አልቀዋል። የሣሩም ጫፍ ውርጭ እንደመታው ነጥቷል፤ ባለሙያዎቹ እስኪፈቅዱ ድረስ ማንም እንዳይወርድ ሰርካለም ነገረቻቸው። የተከራከራት የለም። እሷም ከሰዉ ጋር ተቀመጠች።

ከዚያ ሁሉም ወደ ታች ያዩ ጀመር። ጉሙ ከሸለቆው ቀስ እያለ ይለቃል። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ጫፍ ወጣ፤ ቀጥሎ ክምር፤ ቀጥሎ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ አብለጨለጨ።

“የኔ ነው” አለ አንድ ሰው በለሆሳስ።

“ያውልህ የፍሥሐም” አለ ሌላው።

አንዱ ቤት ሲወጣ የባለቤቱ ስም እየተጠራ፣ አገሩ ከነጭ ውስጥ እንደ አዲስ ተሠራ።